ክር በጥርስ

ነጭ ነበር ክሩ፤
በጥርሴ በጠስኩት፣ ቀላ ዳር ዳሩ።
መርፌ የወጋኝ መስሎኝ ጣቴን አገላበጥኩ፤
ጣቴ ደህና ነበር። ከንፈሬን ዳበስኩ።

ሄርማታ ገበያ፣ ከጨርቅ ተራው ዳር፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መቀሴ ጥርሴ ነበር፤
እግሬ ከመርገጫው፣ ዓይኔ ከመርፌው ላይ፣
መቀስ የሚፈልግ ጥርስ የሌለው አይደል ወይ?

አምስተኛ ወሬ ነው። ልብሱ የሙሽራ፤
አንዲት ቀይ ጠብታ፣ ከደረቱ ስፍራ።
በምራቄ አሸሁት፤ ባሰበትና ሰፋ፤
ምራቄም ደም ነበር።
ዶቃ ሰፋሁበት፣ እድፉ እስኪጠፋ።

አዴ ሻምሲያ ሰማች። «ግብር ነው» አለችኝ፣ «እኔም ከፍያለሁ፣
በየልጁ አንድ ጥርስ።» አፏን ከፈተችው፤ ስድስት ባዶ አየሁ።
«ብቻ አደራሽን፣ በሐኪም አፍሽን አታስነኪ፤
ሽሉ ይደነግጣል፤ እስክትወልጂ ጠብቂ።»

አመንኳት።
ብሩሹም ሲያደማኝ ጊዜ ተውኩት፤
የቆሰለ ነገር ይፈተጋል እንዴ? አልነካሁት።
ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል፤ አፌ ይመራል፤
ነስሩ ማታ ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።
ምንም አላለኝም። እሱ ነው የከፋው።

መስታወት ፊት ቆምኩ። ድዴ ጥቁር ነው።
አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ሰቃ፣ አክስቴ ደጅ፣
በታሰረ መርፌ ወቅረው ጥላሸት የቀቡት፣
ሳቋ ይድመቅ ብለው።
ያን ቀንም ደምቶ ነበር፤ ለውበት ነዋ፣ ማን አለቀሰ!
ጥቁር አይቀላም። ቢታመም እንኳ ጥቁር ነው።
ሰው ጥርስ ባዳ ነው ይላል፤ ሆድ እያረረ ይስቃል።
ድድ ግን ዘመድ ነው መሰለኝ፤
ሆድ ውስጥ ያለውን ቀድሞ ያውቃል።

ጤና ጣቢያ ኪሎዬን መዘኑ፣ ግፊቴን ለኩ፣
የሆዴን ቁመት በሜትር፣ እንደኔው እንደ ልብስ ሰፊ፤
አፌን ማንም አላየው። እኔም አልከፈትኩ።
አንዲት ተማሪ አዋላጅ ብቻ፣ የእስክሪብቶዋን ጫፍ እያኘከች፣
«ስትስቂ ለምን በሻሽሽ ትሸፍኚዋለሽ?» አለች።

ዝናብ ነበር። ባጃጁ አዌቱን ሲሻገር ውሃው ደፍርሷል።
የሆስፒታሉ የጥርስ ክፍል፤ ጉንጫቸውን ያቀፉ ሰዎች ሰልፍ።
ዶክተር ለሊስቱ መብራቱን አወረደችብኝ፤
«ውቅራትሽ ቅላቱን ደብቆታል፤ እብጠቱን ግን የት ይሸሽገው?»
በቀጭን ብረት ነካ አደረገችው። ፈሰሰ።
«ልጁስ?» ልላት ነበር፤ አፌ ተከፍቶ፣ «ኢኡ?» ነው የወጣው።
ገባት።
«አይደነግጥም። እንዲያውም አምስት ወር ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው።
ስለደማ አትተዪው፤ ስለተውሽው ነው የደማው።»

ከጥርሴ ሥር የከረመ ጠጠር፣ ቢጫ፣ እንደ ልስን ፍርፋሪ፣
ቂው እያለ ሳህኑ ላይ ወረደ።
አፈርኩ። ስንት ዓመት ቀልቤዋለሁ!
መምጠጫው ሲያንጎራጉር ሆዴ ውስጥ ረገጠኝ፤
ሲንጀሬ መስሎት ይሆናል፣
ሥራ የገባን።

አሁን ለስላሳ ብሩሽ አለኝ፤ ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ በጨው፤
መቀሴ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በጥቁር ክር።
ነስሩ ትናንት ወደኔ ዞሮ ተኛ። አሁንም ምንም አላለም።
አዴ ሻምሲያ መጣች፤ «ስንት ነቀሉልሽ?»
«አልነቀሉም።»
ዝም አለች። ጣቷን ወደ አፏ ሰደደች፤
የቀሩትን እየቆጠረች መሰለኝ።

ሰርጉ ቅዳሜ ነበር። ያቺን ዶቃ ሁሉም አየ።
ሰኞ አንዲት ልጅ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች፤
«ለኔም አንድ፣ እዚህ ጋ» አለች፣ ደረቷን እየነካች።
ሳቅኩ። እጄ ክር ይዞ ነበር፤ አፌን አልሸፈንኩ።
ዶቃዋን ሰፋሁ።
ክሩን በመቀስ ቆረጥኩ።